ዘጠኙ ያልተከፈቱ ተደባዳቢዎች

ዛሬ ጠዋት ባየሁት ሕልም ሥራ ቦታዬ ነበርኩ፤ ነገር ግን የተኛሁት በማይክሮስኮፑ መስታወት ላይ ነበር። ከላይ አንድ የወባ ተውሳክ ጎንበስ ብሎ በመነጽሩ ያየኛል። ነጭ ጋውን ለብሷል። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል። ደረቴ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጣል አደረገና መጀመሪያ ወደ ግራ ገፋኝ፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ ቀኝ ገፋኝ።

«ምን አየህ?» አለው ከበስተጀርባው የቆመ ሌላ ተውሳክ።

«አንድ ሰው። የጎለመሰ። አይንቀሳቀስም።»

«ታዲያ ‹አለ› ብለህ ጻፋ!»

«ትንሽ ልየው» አለ የመጀመሪያው።

ቃሉ የኔ ነው። በጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደም ስመረምር መስታወቱን ቦታ እየቀየርኩ መቶ ጊዜ ሳላይ «ወባ የለም» ብዬ ፈርሜ አላውቅም። ሰው ሲያጣድፈኝ የምመልሰውም ይህንኑ ነው። መስታወቱ ላይ ተኝቼ ስሰማው ግን ደስ አላለኝም። ዘይቱም ይቀዘቅዝ ነበር።

እዚህ ላይ ስተኛ ምን እያሰብኩ እንደነበር መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የቀረው አይገባም። ታናሽ እህቴ ውባለም ቡታጅራ መናኸሪያ ጀርባ ጌም ቤት አላት። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ስድስት ጆይስቲክ፣ አሥራ አራት የፕላስቲክ ወንበር። ደንበኞቿ የባጃጅ ሾፌሮችና ተራ አስከባሪዎች ናቸው። ቤቱን ያቆመው «የነጎድጓድ ሜዳ» የሚባል የድብድብ ጌም ነው። ጌሙ ሲከፈት ሃያ አምስት ተደባዳቢዎች በየሳጥናቸው ይታያሉ፤ መምረጥ የሚቻለው ግን አሥራ ስድስቱን ብቻ ነው። ዘጠኙ ጥቁር ጥላ ሆነው ቆመዋል። ሰው ሲጫናቸው ማሽኑ «ጥ» ይልና ዝም ይላል።

ከመንገዱ ማዶ አዲስ ጌም ቤት ከተከፈተ ወዲህ የውባለም ወንበሮች ግማሾቹ ባዶ ናቸው። በዚህ መሐል ሙባረክ የሚባል ዕቃ አምጪ ከአዲስ አበባ ሙሉውን እትም ይዞላት መጣ፤ ዘጠኙም የተከፈቱበትን። ዋጋው የቤቱ የሁለት ወር ኪራይ ነው። ገዝታው ሰው ካልመጣ ቤቱ ይዘጋል። ካልገዛችውም ምናልባት ይዘጋል። ሙባረክ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሚነሳው መኪና ይመለሳል። ውባለም «ጋሼ፣ ግዢ ካልከኝ እገዛለሁ፤ ተዪ ካልከኝ እተወዋለሁ» ብላኝ ነበር። መልሱን እስከ ሦስት ሰዓት ልሰጣት ቃል ገባሁ።

ለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ ጌም ቤቷ ጥግ ተቀምጬ ቆጥሬአለሁ። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስት ግጥሚያ። ከአሥሩ ምርጫ ስምንቱ ለሁለት ተደባዳቢዎች ነው፤ ደንበኞቹ ባለ ሰንሰለቱ እና እትዬ ጎራዴ ለሚሏቸው። ከተከፈቱት መካከል አምስቱን አንድም ሰው ነክቷቸው አያውቅም። በዚህ ስሌት ሙሉው እትም አያስፈልግም። ነገር ግን ሌላም ነገር አየሁ። ሰው ሁሉ ባለ ሰንሰለቱን ከመምረጡ በፊት ጥላዎቹን ይጫናል። እንደማይከፈቱ እያወቀ ይጫናል፤ አንዳንዱ ሦስቴ፣ አራቴ። የሌለን ነገር የሚጫን ጣት በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ አላወቅሁም። ለብቻው በደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፍኩትና ተኛሁ።

ከመስታወቱ ላይ በወረንጦ ያነሳኝ ባለ ሰንሰለቱ ነበር። ሰንሰለቱን ለቅሶ የሚሄድ ሰው ነጠላውን እንደሚያዘቀዝቅ አዘቅዝቆ ለብሶታል።

«ተነስ፣ ተራህ ደርሷል» አለኝ።

«የምን ተራ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እኔን ሁልጊዜ የሚያንቀሳቅሰኝ ሌላ ሰው ነው።»

መናኸሪያው ስንደርስ መኪኖቹ በተሳፋሪዎች ላይ ተሳፍረው ነበር። አንድ ሽማግሌ ሚኒባስ አዝለው ቁልቁል ይሮጣሉ፤ ሚኒባሱ «ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!» እያለ ከጀርባቸው ላይ ይጮኻል። ተራ አስከባሪዎቹ መንገደኛውን አንድ በአንድ እየጠሩ ስላለፈው ሳምንት ግፊያ ይቅርታ ይጠይቁ ነበር። አንዱ እኔንም ጠየቀኝ። መቼ እንደገፋኝ ስላላስታወስኩ ቀኑን እንዲያጣራ ነገርኩት።

ውባለም በር ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት ተደባዳቢዎቹ ናቸው። ክንዳቸው ላይ በእስክሪብቶ የተራ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ስድስት ክንድ ያለው ስድስት ቁጥር ይዟል፤ በዚህ የተነሳ ከኋላው ያሉት ያጉረመርማሉ። በሩን አየሁት። ሲሠራ እኔ ራሴ ስለለካሁት ወርዱን አውቀዋለሁ፤ አራት ስንዝር ተኩል ነው። በሕልሜም በስንዝር ለካሁት። አራት ተኩል ነበር።

ውስጥ ስገባ በሦስቱም ቴሌቪዥኖች ላይ ሃያ አምስት ሳጥን ይታያል። በሳጥኖቹ ውስጥ ያለነው እኛ፣ የሰፈሩ ሰዎች ነን። የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ከድር ቆሟል። ከድር ባጃጅ ነጂ ነው፤ ውባለም ጋ በቀን ሁለቴ የሚመጣ። ሲያየኝ መስታወቱን ከውስጥ አንኳኳ።

«ጋሽ ይርጋ! ኧረ በናትዎ ይናገሩልኝ! ከጠዋት ጀምሮ እኔን ብቻ ነው የሚመርጡት!»

«ስንት ጊዜ መረጡህ?»

«ሰው ሊሞት ነው እያልኩዎት ስንት ጊዜ ይሉኛል? ወገቤን!»

እትዬ ጎራዴ ወንበሩ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች፤ ጎራዴዋን ከጉልበቷ ሥር አስገባችና ጆይስቲኩን ያዘች። ከድርን መረጠች። ከጎኗ ያለውም ሌላ የባጃጅ ሾፌር መረጠ። ሁለቱ ባጃጆች ጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። የጌሙ ሕግ ቀላል ነው፤ ቀድሞ ያሳለፈ ያሸንፋል።

«እለፍ» አለ ከድር።

«ኧረ አንተ እለፍ።»

«እንዴት ተደርጎ! በሞቴ!»

«አፈር ስሆን!»

«የናቴን ሥጋ ያስበላኝ፣ አላልፍም!»

ሁለቱም ወደ ኋላ እየሸሹ ከቴሌቪዥኑ ጠርዝ ወጡ። መንገዱ ባዶ ቀረ። እትዬ ጎራዴ ጣቷን ከጆይስቲኩ አነሳችና ተነፈሰች።

«ይኼ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያልቀው። ሌላ ሰው የለም እንዴ?»

ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እየዘለለች ሄደች። ሥጋ ሻጩን አለፈችው። የቀበሌውን ጸሐፊ አለፈችው። መጨረሻው ረድፍ ላይ ስትደርስ ጥቁር ጥላ ያለበት ሳጥን ላይ ቆመች። ጥላው ትከሻው ጎበጥ ያለ ነው፤ ጋውን ለብሷል፤ ጆሮው ላይ እርሳስ አለ። ተጫነችው።

ጥ።

«ይኼ ደግሞ ማነው?»

«እሱ ሙሉው እትም ላይ ብቻ ነው ያለው» አለ ባለ ሰንሰለቱ። አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ግን አላየኝም።

«ልዩ ምቱ ምንድነው?»

«ያያል።»

«አይቶስ?»

«ይጽፋል።»

«ጽፎስ?»

«‹ትንሽ ልየው› ይላል።»

ሰልፉ እስከ ውጭ ድረስ ሳቀ። ባለ ስድስት ክንዱ በስድስቱም ክንዶቹ ሆዱን ያዘ።

«ልብስ ይቀይራል?» ብሎ ጠየቀ።

«ይቀይራል። ሁለት አለው። አንድ ነጭ ጋውን፣ አንድ የታጠበ ነጭ ጋውን።»

«ዋጋውስ?»

«የሁለት ወር ኪራይ።»

«ለዚህ? ጭራሽ! እኔ ጥላውንም አልገዛም።»

አነጋገራቸውን በጥሞና ሰማሁ። ስህተት አላገኘሁበትም። እኔም ብሆን ባለኝ መረጃ ከዚህ የተለየ አልጽፍም ነበር። ነገር ግን እትዬ ጎራዴ እንደገና ተጫነችው። ጥ። ቆየት ብላ ደግሞ ተጫነችው። ጥ፣ ጥ።

«አይከፈትም ተባልሽ እኮ!»

«አውቃለሁ» አለች፤ መጫኗን ግን አልተወችም።

ውባለም ከመደርደሪያው ጀርባ ቆማለች። ከሁላችንም መካከል ያልተለወጠች እሷ ብቻ ነበረች። ቢጫ ሹራቧን ለብሳለች፤ ቁልፎቹ ባንገቷ ላይ ናቸው።

«ጋሼ፣ ሙባረክ ሊሄድ ነው። ግዢ ነው ተዪ?»

«ትንሽ ልየው» አልኳት።

በሩ ጓ አለ። ዞር ብዬ ሳይ ሁለቱ መቃኖች ወደ መሐል ተጠግተዋል። ሄጄ ለካሁት። ሦስት ስንዝር ተኩል። ባለ ስድስት ክንዱ በጎን ገባ።

«አየኸው?» አለችኝ ውባለም።

«አየሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ግን ምክንያቱ ይኼ ነው ማለት አይቻልም።»

«ድገመውና እንየዋ!» አለች፤ በምፀት።

ምፀት መሆኑ የገባኝ ከደገምኩት በኋላ ነው። በሩ ጓ አለ። ሦስት ስንዝር።

በዚህ ጊዜ ነገሩን ጥላዎቹን ራሳቸውን መጠየቅ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ቢሮአቸው ከጌም ቤቱ ጀርባ ነበር። ቢሮው የቀበሌ ቢሮ ይመስላል፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ማህተም የያዘው ሰውዬ ኮሪደሩ ላይ ባለጉዳዮችን እያሳደደ «እባካችሁ አንድ ወረቀት ስጡኝ፤ አትሜ ብቻ ልመልስላችሁ!» እያለ ይለምናል። ባለጉዳዮቹ «አሁን ስብሰባ ላይ ነን፤ ነገ ተመለስ» ይሉታል። አዘንኩለትና ደብተሬን ሰጠሁት። ጀርባው ላይ፣ የጥላዎቹን ቁጥር የጻፍኩበት ቦታ ላይ፣ ሁለት ጊዜ አተመ። እንባው መጣ።

ዘጠኙ ጥላዎች በረድፍ ተቀምጠዋል። ብርሃኑ በመስኮቱ ይገባል፤ እነሱ ላይ ሲደርስ ግን ይቀራል። መሐል ላይ ያለችው ሊቀመንበሯ ነበረች። ድምፅዋ የትልቅ ሴት ነው።

«የመጣሁት ሙሉው እትም ያዋጣ እንደሆነ ልጠይቅ ነው» አልኩ። «ብትከፈቱ ደንበኛ ይመጣል?»

«ለመሆኑ መከፈት እንፈልጋለን ያለህ ማነው?» አለችኝ።

«ማንም አላለኝም።»

«ጨለማ ውስጥ ሆነን ስንት ሰው በቀን ይጫነናል?»

ደብተሩን አየሁ። ማህተሙ ቁጥሩን ሸፍኖታል፤ ግን አስታውሰው ነበር። «በአማካይ መቶ ስልሳ ጊዜ» አልኩ።

«እነዚያን የተከፈቱትን አምስቱንስ?»

«ማንም።»

«በል ሂድ። መልስህን ይዘሃል።»

ከዳር ያለው ጥላ ብድግ አለ። ድምፁ የጎረምሳ ነው። «እኔ ግን መውጣት እፈልጋለሁ! ለአሥራ አንድ ወር ጉልበቴን አልዘረጋሁም። ይምቱኝ! አንድ ቀንም ቢሆን መትተውኝ ይተዉኝ!»

«ተቀመጥ አንተ ቀዥቃዣ!» አሉት ሁለት ሦስት ጥላዎች።

«አልቀመጥም! መቀመጥ እኮ ነው የሰለቸኝ!»

ድምፅ ሰጡ። አራቱ መውጣት አለብን አሉ፤ አራቱ የለብንም አሉ። ዘጠነኛው ጥላ ትከሻው ጎበጥ ያለ ነበር። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«አንተስ?» አለችው ሊቀመንበሯ።

«ትንሽ ልየው» አለ።

አፌን አልከፈትኩም ነበር። ሆኖም ከወዲያ፣ ከጌም ቤቱ በኩል፣ በሩ ጓ ሲል ሰማሁ።

ስመለስ ሁለት ስንዝር ሆኖ አገኘሁት። በጎን፣ ሆዴን አስገብቼ አለፍኩ። ሰልፈኞቹ እየቀነሱ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት በር ግን የመኪና መግቢያ አክሏል፤ ተደባዳቢዎቹ አራት አራት ሆነው ይገቡበታል። ውባለም ወንበሮቹን እያነባበረች ነበር። ስታነባብር አላየችኝም፤ ወይም አይታ እንዳላየች ሆነች።

ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል፤ ጃንጥላ ይዘዋል። ፊት ፊት የሚመሩት ሃምሳ አለቃ ደምሴ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የውባለም ጌም ቤት በር ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ጎረቤታችን። በሩ ስለጠበበ ተራ በተራ በጎን ገቡ። ሁለተኛው ሽማግሌ ትልቅ ድንጋይ ተሸክመዋል።

«ልጆቼ» አሉ ሃምሳ አለቃ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ። «የመጣነው ለክፉ አይደለም። ስለ ፈጣሪ ብላችሁ ተጣሉልን።»

«እኛ እኮ ተስማምተን ነው የምንኖረው» አልኩ።

«እሱን ሰምተን እኮ ነው የመጣነው! ሠላሳ ስምንት ዓመት! ሰፈሩ ሁሉ አፍሮባችኋል።»

«ባዕድ ቢሆኑ ባልከፋ» አሉ ሁለተኛው። «የአንድ እናት ልጆች፣ አንድም ቀን ክፉ ሳይነጋገሩ!»

«እኔስ ለመጣላት ዝግጁ ነኝ» አለች ውባለም፤ ወንበሩን አስቀመጠች። «እሱ ነው የማይመቸው።»

ሃምሳ አለቃ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ ይርጋ፣ ሽማግሌ አታሳፍር። ከደጅህ ታርቀህ አትመልሰን።»

«በምን እንጣላ?»

«እሱን ለኛ ተወው» አሉና ድንጋዩን ከሁለተኛው ሽማግሌ ተቀብለው አንገቴ ላይ ጫኑት። «ያልበደለ ይሸከም። ወጉ ነው።»

እኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምነው የበደለው እንደሆነ ልነግራቸው አሰብኩ። ነገር ግን የተለየ አሠራር ባለበት ቦታ ነበርኩ፤ በዚያ ላይ ድንጋዩ አላላወሰኝም። ወደ አሥራ አራት ኪሎ ይሆናል። ሚዛን እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። የላቸውም።

«ማን ይጀምር?» አለ ባለ ሰንሰለቱ፤ ዳኛው እሱ ሆኖ ነበር።

«ታናሺቱ ትምታ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ታላቅ ይከበራል።»

ውባለም እጅጌዋን ሰብስባ መጥታ ትከሻዬን በቡጢ መታችኝ። ከራሴ በላይ አረንጓዴ መስመር ታየ። ጌሙ ውስጥ ይህ መስመር የተደባዳቢውን የቀረ ጉልበት ያሳያል፣ በተመታ ቁጥርም ያጥራል፤ እዚህ ግን ረዘመ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ደገመችኝ። መስመሩ ጨመረ። ሦስተኛው ሽማግሌ «እሰይ የኔ ልጅ!» ብለው እልል አሉ።

«በመጀመሪያው ምን ያህል ጨመረ?» ብዬ ባለ ሰንሰለቱን ጠየቅሁት። «ሁለተኛው የሚበልጥ መሰለኝ።»

ውባለም እጇን አወረደች።

«ጋሼ፣ አሁንም ትቆጥራለህ?»

«ካልቆጠርኩ ምን ብዬ እነግርሻለሁ?»

«እኔ እኮ ጥናት አልጠየቅኩህም።»

«ታዲያ ምንድነው የጠየቅሽኝ?»

«አብረኸኝ እንድትሳሳት ነው። ቤቱን ስከፍት ብቻዬን ነበርኩ። ቴሌቪዥኖቹን ስገዛ ብቻዬን ነበርኩ። ያኔም ‹ትንሽ ልየው› ብለኸኛል። አንዱን እንኳ አብረን ብንሳሳት ምን ነበረበት?»

ከድር በቴሌቪዥኑ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሃምሳ አለቃ መሐረባቸውን አወጡ።

«ተጣሉ» አሉ፤ ድምፃቸው ተቆራረጠ። «ተመስገን፣ ተጣሉ። ይኼን ሳላይ እንዳልሞት ስለምን ነበር።»

በሩ አሁን አንድ ስንዝር አይሞላም። በክፍተቱ ውስጥ አንድ እጅ ገባ። ካርቶን ይዟል። የሙባረክ ድምፅ ከውጭ ተሰማ።

«ወንድሜ፣ መኪናው ሞተር አስነስቷል። ልተውላችሁ ወይስ ልመልሰው?»

ካርቶኑን አየሁት። ሽፋኑ ላይ ሃያ አምስቱም ተደባዳቢዎች ቆመዋል፤ ዘጠኙ ፊት አላቸው። አንዲቱ ሽበት አላት። አንዱ በጣም ወጣት ነው፤ ጉልበቱን ዘርግቶ ቆሟል። ደብተሩን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ምን እንደምል አውቄው ነበር። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። ሳላረጋግጥ ልናገር ስል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ መሆኑንም ልብ አልኩ። ወደ ውባለም ዞርኩና አፌን ከፈትኩ።

ጥ።

«ምን አለ?» አሉ ሃምሳ አለቃ፤ ጆሮአቸውን አስጠጉ።

እንደገና ሞከርኩ። ጥ። እትዬ ጎራዴ ከወንበሯ ተነስታ መጥታ በአውራ ጣቷ ግንባሬን ተጫነችኝ። ጥ፣ ጥ፣ ጥ።

«አልተከፈተም» አለች ለሽማግሌዎቹ፤ እንደ ሐኪም ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሙሉው እትም ያስፈልገዋል።»

«ታዲያ ሙሉው የት ነው?»

«እዚያ ካርቶን ውስጥ።»

«እና ማነው ግዢ የሚላት?»

«እሱ።»

ሁሉም ወደኔ አዩ። እኔም ወደ በሩ አየሁ። የሙባረክ እጅ ካርቶኑን ወደ ውጭ ሊስብ ሲሞክር ካርቶኑ ክፍተቱ ላይ ተቀረቀረ። መቃኖቹ እየተጠጉ ነበር። ካርቶኑ መጨማደድ ጀመረ።

«ምን ሊል ፈልጎ ይሆን?» አለ ባለ ሰንሰለቱ።

«እንጃ» አለች ውባለም፤ ወንበሮቹን ማነባበር ቀጠለች። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው።»

መጮህ ፈለግሁ፤ ድንጋዩ ከአንገቴ ወደ ደረቴ ወረደና ትንፋሼን ያዘው። ከዚያ ድንጋዩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስልኬ ነበር። ደረቴ ላይ ትቼው ተኝቼ ኖሯል።

መስኮቱ በፀሐይ ተሞልቷል። ቅዳሜ ስለሆነ ማንም አልቀሰቀሰኝም። ሰዓቱን አየሁ፤ አራት ሰዓት ከሃያ። አሥራ አንድ ያልተነሳ ጥሪ። አሥራ ሁለተኛውን አነሳሁት።

«ጋሼ! በሕይወት አለህ?»

«ውባለም፣ ሙባረክ ሄደ?»

«ከሄደ ቆየ። ስደውል ስደውል አታነሳም። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገዛሁት።»

«ገዛሽው?»

«ገዛሁት በቃ። ምን ላድርግ?»

ተነስቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «ጥሩ አደረግሽ» ልላት ነበር፤ አልኳትም። መስማቷን እንጃ፤ ከጀርባዋ ጫጫታ ነበር።

«ዘጠኙ ተከፈቱ?» አልኩ።

«ካርቶኑ ውስጥ የሉም።»

«እንዴት የሉም?»

«ዲስኩ ያው የድሮው ነው። ሌላ ትንሽ ወረቀት አለው፤ ቁጥር የተጻፈበት። ቁጥሩን ስታስገባ ከኢንተርኔት ይወርዳሉ ይላል። አስገባሁት። እየወረደ ነው።»

«መቼ ይጨርሳል?»

«አሥራ አንድ ቀን ይላል። ቅድም አሥራ አራት ነበር፤ እየተሻሻለ ነው።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። «እስከዚያ ምን ልትሠሪ ነው? በድሮው ማጫወት አይቻልም?»

«እየወረደ ማጫወት እምቢ ይላል።»

«ሦስቱም ቴሌቪዥን?»

«ሦስቱም።»

«እና ቤቱ ዝግ ነው በይኛ።»

«የምን ዝግ! መቆሚያ የለም እኮ ነው የምልህ። ወንበር ከሻይ ቤቱ ተበድሬአለሁ። የማዶዎቹም መጥተዋል፤ ባለቤቱ ራሱ እዚህ ቁጭ ብሏል፣ ሁለተኛ ሻዩን እየጠጣ።»

«ምን እየተጫወቱ?»

«ምንም። ሲወርድ እያዩ ነው። ከድርማ ሥራ ትቶ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አልተነሳም።»

«ስንት ፐርሰንት ደረሰ?»

«ዜሮ።»

«ዜሮ?»

«ዜሮ ነው እስካሁን። ግን መስመሩ ትንሽ ብቅ… ቆይ! ቆይ ጋሼ፣ ዝም በል፣ ዝም በል…»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት፤ የቤቱ ጩኸት ጎል የገባ ያህል ነበር።

«አንድ!»